የወረቀት ደመወዝ

ዓለምነው ታደሰን በሚሠራበት ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ «ሚዛኑ» ይሉታል። ሊያሙት ብለው ነው ያወጡለት፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀብሎታል። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የፋብሪካውን ዕቃ ቤት ሲይዝ አንድ ኩንታል ስንዴ ሁለቴ ሳይመዝን አስገብቶ አያውቅም። ያልተረከበውን ዕቃ ተረክቤአለሁ ብሎ ፈርሞም አያውቅም። አንድ ጊዜ አንድ ሹፌር በሦስት ኪሎ ጉድለት የተነሣ ዝናብ ላይ ቆሞ ቢውል፣ «ይኼ ሰውዬ መንግሥተ ሰማያት ቢገባ መላእክቱን መዝኖ ነው የሚረከባቸው» ብሎ እየተራገመ ሄዷል። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዘንበል ያለው። ሌላው ሰው በየቀኑ ሲያጋድል ኖሮ ምንም አይነካውም፤ እሱን ግን ያቺው አንዷ አነቀችው።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት በስልክ ነው። እብናት ያለችው ታላቅ እኅቱ እቴነሽ ደወለችለት። ልጇ ቅድስት እዚሁ ደብረ ታቦር አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ ገንዘብ ያዥ ለመሆን ተፈትና አንደኛ ወጥታለች፤ የቀራት ዋስ ብቻ ነው። ገንዘብ የሚነካ ሰው ያለ ዋስ አይቀጠርም። ዋሱ ደግሞ ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ ደመወዙም ከዘጠኝ ሺህ ብር እንዳያንስ የዩኒየኑ ደንብ ያዛል።

«ወንድሜ፣ ከዘመዱ ሁሉ በሬ ያለው ሞልቷል፤ ደመወዝ ያለህ ግን አንተ ብቻ ነህ» አለችው እቴነሽ። «አባቷ ከሞተ ወዲህ እኔንም ሦስቱን ታናናሾቿንም ከሷ በቀር ማን ያወጣናል? እንደ አባት ሁንላት።»

ዓለምነው ሁለት እንቅፋት ነበረበት። አንደኛው፣ ደመወዙ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ብር መሆኑ ነው። ሁለተኛው ሚስቱ ናት።

ውብአለም የዋስ ልጅ ናት። አባቷ አያ ሙሉቀን አንበሳሜ ላይ ለአንድ ጎረቤታቸው ዋስ ሆነው፣ ጎረቤትየው ዕዳውን ጥሎ ቢሰወር ጥማድ በሬዎቻቸው ከበረት ተነድተው ሄዱ። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በሬዎቹ ሲወጡ ቆማ አይታለች። አያ ሙሉቀን ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ በሰው በሬ እያረሱ እህላቸውን ሲያካፍሉ ኖሩ። ስለዚህ በተጋቡ በዓመቱ ከዓለምነው ጋር ጣራ ገዳም ሊሳለሙ የሄዱ ጊዜ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ አቆመችውና፣ «ወርቅ አልጠይቅህም፣ ልብስ አልጠይቅህም። ለማንም ሰው ዋስ አልሆንም ብለህ ማልልኝ» አለችው። ማለላት። ለእኅቴ ለወንድሜም ቢሆን አልሆንም አለ።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል። ዓለምነው ግን ገደሉንም በደንብ አይቶት ነበር፤ የእኅቱ ልቅሶ በለጠበት እንጂ። ለፋብሪካው ባለቤት ለአቶ ደረጄ ጉዳዩን ነገራቸው። አቶ ደረጄ ጭማሪ ሲጠየቁ እጃቸው ያጥራል፣ ብዕራቸው ግን ለጋስ ነው። «ለዋስትና አይደል? ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ እንበለው» ብለው አጻፉለት። ይህን ያደረጉት እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ብዙ የግል ቀጣሪ እንዲህ ያደርጋል። ለዋስትና የሚጻፍ ደመወዝ ለእንግዳ እንደሚቀርብ ገበታ ነው፤ ከቤቱ አቅም ከፍ ብሎ ይቀርባል፣ እንግዳውም ቤተኛውም ያውቁታል፣ ማንም ክፉ አይናገርም። ደብዳቤው ቁጥር 214 ተብሎ ወጣ፤ ዓለምነውም ዩኒየኑ ቢሮ ሄዶ ፈረመ። ለውብአለም ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲል ሁለት ዓመት አለፈ።

ዘንድሮ ደግሞ ኑሮው ጠና ሲልበት፣ ፋብሪካው በዘጠኝ ሰዓት ሲለቀው የሚሠራው ተጨማሪ ሥራ በአንድ ሆቴል ዕቃ ቤት ያዘ። ሁለት ቦታ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ከሁለቱም ቀጣሪዎቹ የዓመቱን የደመወዝ መግለጫ አጽፎ፣ ደምሮ፣ ግብሩን ራሱ ማስታወቅ አለበት ተባለ። ተባለ ከተባለ ዓለምነው አይዘገይም። በፋብሪካው በኩል መግለጫውን የምትጽፈው ትዝታ የምትባል አዲስ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ፋይሉን ከፈተች፤ ከሁሉ በላይ የተቀመጠው ደብዳቤ ቁጥር 214 ነው። ስለ ዋስትናው የነገራት ሰው የለም። ደመወዙን ከዚያ ላይ ወስዳ፣ በዐሥራ ሁለት ወር አባዝታ፣ ማኅተም መትታ፣ ፖስታውን አሽጋ ሰጠችው። የሚያስቀውም የሚያስለቅሰውም እዚህ ላይ ነው፤ ስንዴ ሁለቴ የሚመዝነው ሰውዬ፣ ለመሥሪያ ቤት የታሸገ ፖስታ መክፈት ነውር ነው ብሎ፣ ምን እንደተጻፈ ሳያይ ወስዶ አስረከበ።

በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት ከግብር ቢሮው ስልክ ተደወለለት። ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ከጉና የወረደው ጭጋግ ከተማውን ሸፍኖታል፤ የቢሮው ኮሪደር በረጠበ ጋቢና በጭቃ ጫማ ተሞልቷል። ዘውዱ የሚባለው የግብር ሠራተኛ ትሑት ወጣት ነው። ወንበር ስቦለት ወረቀቱን ወደሱ አዞረ።

«ጋሼ፣ ፋብሪካው ከደመወዝዎ እየቆረጠ ሲያስገባ የኖረው ግብር የስድስት ሺህ ሁለት መቶ ብር ነው። ያመጡት መግለጫ ደግሞ ደመወዝዎ ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ነው ይላል። የትኛው ነው እውነቱ?»

ዓለምነው ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። «ስድስት ሺህ ሁለት መቶው» አለ።

«እንግዲያው ቀላል ነው» አለ ዘውዱ፤ እውነትም ቀላል መስሎት። «የተስተካከለ መግለጫ ያምጡ። ይኼኛው ቁጥር 214ን ስለሚጠቅስ፣ ማስተካከያው ያን ደብዳቤ በግልጽ ይሻረው። ደብዳቤው ለተሰጠው መሥሪያ ቤትም ግልባጭ ይሂድ። አለዚያ እዚህ ስድስት፣ እዚያ ዘጠኝ የሚል ወረቀት ይዘን ልንቀመጥ ነው።»

«ባይስተካከልስ?»

ዘውዱ ቀና ብሎ አየው። «ባይስተካከልማ የተጻፈው እውነት ነው ማለት ነው። የልዩነቱን ግብር ከነመቀጫው ይከፍላሉ።» በሒሳብ ማሽኑ ደምሮ አሳየው። ዐሥራ አምስት ሺህ ብር ግድም ሆነ። «እስከ ነሐሴ ሠላሳ ጊዜ አለዎት፤ አይጨነቁ።»

አይጨነቁ ማለት ለተናጋሪው ምንኛ ቀላል ነው! ዓለምነው ዝናቡ ላይ ወጥቶ ጃንጥላውን መዘርጋት ረሳ። ቢያስተካክለው ግልባጩ ዩኒየኑ ጋ ይደርሳል፣ ቅድስት ዋስ አልባ ትሆናለች። ባያስተካክለው ዐሥራ አምስት ሺህ ብር ከየት ያመጣል? ከቤት እንዳያወጣ ውብአለም ትጠይቀዋለች፤ ከጠየቀች የማለው መሐላ ይወጣል። አንዱን በር ለመክፈት ሲያስብ ሌላው ከኋላው ይዘጋበታል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲሉ ሰምቶ ያውቅ ነበር፤ ለሰማይዋ ላም የሣር ክፈል የተባለ ሰው ግን ከሱ በፊት አልሰማም።

በማግስቱ ትዝታ ጠረጴዛ ፊት ቆመ። ልጅቱ ስሕተቷን ስታውቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ዓለምነው። እኔ ፋይሉ ላይ ያለውን ነው ያመንሁት። አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ» አለችና እዚያው እያለ ጻፈችው። አትማ ሰጠችው። ዓለምነው ይኼኛውን በሚገባ አነበበው። ትክክለኛው ደመወዝ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ብር መሆኑን፣ ቁጥር 214 የተሻረ መሆኑን ይላል። ከሥሩ «ግልባጭ» ከሚለው ቃል በታች የዩኒየኑ ስም ተጽፏል።

«ይችን ግልባጭ ብታወጫት?»

«ዘውዱ ደውሎልኝ ነበር እኮ። ያለ ግልባጭ አልቀበልም ብሏል።»

«ልጄ፣ ይች አንዲት መስመር ናት።»

«መስመሯንማ ላጠፋት እችላለሁ፤ እሱ ግን ይመልሰዋል» አለች ትዝታ። የምትዋሽ ልጅ አልነበረችም።

አቶ ደረጄ ጋ ገባ። እሳቸው ነገሩን ከሰሙ በኋላ በር ዘጉ። የሐሰት ደብዳቤ ጻፍህ ተብሎ መጠየቅ እሳቸውንም አስግቷቸዋል፤ ግን የሚያጡትንና የሚያተርፉትን እያሰሉ ነው የፈሩት።

«አንተው ምረጥ፣ እኔ በሁለቱም ከጎንህ ነኝ» አሉት። «ይሻር ካልህ ዛሬውኑ እፈርማለሁ። ለዋስትና ብለን በቅንነት አደረግነው እንላለን። አይሻር ካልህ ግን ወረቀቱ እውነት መምሰል አለበት። ከመስከረም ጀምሮ ፔሮሉ ላይ ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ብለህ ትፈርማለህ። ግብሩም ከዚያ ላይ ይቆረጣል። የምትወስደው ግን ያው የድሮው ነው፣ ግብሩ ተቀንሶ።»

«ያልተቀበልሁትን ልፈርም?»

«እኔ ፈርም አላልሁህም ዓለምነው። ምረጥ ነው ያልሁህ።»

ወጣ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው። አቶ ደረጄ ለሁለት ዓመት ደግ ሰው ነበሩ፤ አሁንም ደግነታቸውን አላነሡም፣ ዋጋውን ብቻ ነገሩት። ለማንኛውም እጄ ላይ ይኑር ብሎ የተስተካከለውን ደብዳቤ አስፈረመ፤ ሁለት ቀን ሳይፈጅ ታትሞ እጁ ገባ። የቀረው መውሰድ ነው። ኮቱ ኪስ ውስጥ አድርጎ ይዞት ይዞራል እንጂ አልወሰደውም።

አንድ ቀን ለቅድስት ልንገራት ብሎ ዩኒየኑ ጋ ሄደ። እሷ ራሷ እውነቱን ሰምታ፣ ጋሼ ተዉት፣ ሌላ ዋስ እፈልጋለሁ ብትለው ይገላገል ነበር። ይህን ተስፋ ማድረጉ አሳፈረው፤ ግን ተስፋ አደረገ። ቅድስት በመስኮቱ በኩል ለገበሬዎች ገንዘብ ትከፍላለች። አንድ ሽማግሌ ብራቸውን ተቀብለው ሲቆጥሩ ተሳስተው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ እሷም አብራቸው እንደገና ጀመረች። ሰልፉ ቢያጉረመርምም አልቸኮለችም። ሲያልቅ መርቀዋት ሄዱ። ዓለምነውን ስታይ ወንበሯን ትታ ወጣች።

«ጋሼ! ደኅና ዋሉ? ምነው ፊትዎ ጠቆረ? ጾሙ በረታብዎ እንዴ?»

«ደኅና ነኝ። እናትሽ እንዴት ናት?»

«ደኅና ናት። ባለፈው ወር ቆርቆሮውን አስመታሁላት፤ ዘንድሮ ክረምቱን ሳይፈስስባት አለፈች። ታናሼም ዩኒቨርሲቲ ገባ።» በእጇ መዳፉን ይዛ ሳመችው። «ሁሉም በእርስዎ ነው።»

ዓለምነው ወደ መስኮቱ ዞር አለ። «ለመሆኑ እዚህ ቤት… ዋሱ የወረደበት ሰው ምን ያደርጉታል?»

«ባለፈው የመጋዘን ሠራተኛው ዋስ ደብዳቤ ጽፎ ወረደ። አምስት ቀን ሰጡት። በአምስተኛው ቀን ቁልፍ አስረክቦ ሄደ፣ ምስኪን። ዛሬ ዋስ የሚሆን ሰው ከየት ይገኛል ጋሼ? ሰው ሰውን ፈራ እኮ።» ሳቀች። «እርስዎ ባይኖሩ እኔ ማንን እጠራ ነበር?»

ሊነግራት የመጣውን ሁሉ ዋጠው። የሆቴሉ ሰዓት ደረሰብኝ ብሎ ተሰናበታት። ሲሄድ እንደ ልጅ በሩ ላይ ቆማ እያየችው ነበር፤ ዞሮ አላያትም፤ ቢያያት የሚያለቅስ መስሎት ፈራ።

ያን ዕለት ቤቱ ሲገባ ውብአለም ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አለ። ከሩቁ ማኅተሙን አወቀው።

«ትዝታ የምትባል ልጅ መጥታ ነበር» አለች ውብአለም። «ረስተኸው ሄደህ ኖሮ፣ መንገዴ ነው ብላ አደረሰችልህ። ጥሩ ልጅ ናት። ስለ ስሕተቷም ይቅርታ ንገሪልኝ አለች፤ የምን ስሕተት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ወረቀቱን አነበብሁት እንጂ።»

መጀመሪያ የተጻፈው መግለጫ ቅጂ ነው። ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ። በዐሥራ ሁለት ተባዝቶ፣ ተደምሮ፣ ታትሞ።

«ውብዬ፣ እሱ የተሳሳተ ወረቀት ነው።»

«ስድስት ሺህ ሁለት መቶ እያልህ ነው የምታመጣልኝ። እኔም በዚያው በርበሬ እየቸረቸርሁ፣ ዘይት በጠብታ እየለካሁ አብቃቅቻለሁ። የቀረው ሦስት ሺህ ሦስት መቶ በየወሩ የት ነው የሚሄድ?»

እንግዲህ የማይነገረውን መናገር ግድ ሆነ። ዓለምነው ተቀመጠ። ከእቴነሽ ስልክ ጀምሮ እስከ ቁጥር 214፣ ከዘውዱ እስከ ግልባጩ፣ አንድም ሳያስቀር ነገራት። መሐላውን ማፍረሱንም አልሸሸገም። ሲጨርስ ልቡ ቀለለው፤ እውነት ተናግሮ የጨረሰ ሰው እንደሚቀለው ቀለለው። ትጮኻለች፣ ታለቅሳለች፣ ከዚያ በኋላ ግን ትረዳኛለች ብሎ ጠበቀ።

ውብአለም አልጮኸችም።

«ዋስ መሆንህንማ ካወቅሁት ሁለት ዓመቴ» አለች።

ዓለምነው ቀና ብሎ አያት።

«ቅድስት የመጀመሪያ ደመወዟን የተቀበለች ጊዜ ሻሽ ገዝታልኝ መጣች። ‹ጋሼ ዋስ ባይሆኑኝ እኔ የት እደርስ ነበር፣ እርስዎም ስለፈቀዱላቸው እግዚአብሔር ይስጥልኝ› አለችኝ። የነገርኸኝ መስሏት ነው። እኔም የነገርኸኝ መስዬ ሻሹን ተቀበልሁ።» እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። «ያን ማታ ይነግረኛል አልሁ። ለፋሲካ ይነግረኛል አልሁ። ጣራ ገዳም ዳግመኛ ስንሄድ፣ እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ሲደርስ ልቡ አይችልም፣ እዚያማ ይነግረኛል አልሁ። ተሳልመህ ተመለስህ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅህ ትነግረኝ ነበር። እኔ የፈለግሁት ሳልጠይቅህ እንድትነግረኝ ነው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ዓለምነው ሁለት ዓመት ሙሉ የደበቃት መስሎት፣ ለካ የተደበቀው እሱ ራሱ ነው።

«እሺ፣ በደልሁሽ» አለ በመጨረሻ። «ደመወዙ ግን እውነቴን ነው። ለዋስትና ተብሎ የተጻፈ ነው። አንድ ሳንቲም አላስቀረሁብሽም።»

«ይሆናል» አለች ውብአለም። ክፋት አልነበረባትም፤ ደክሟት ነበር። «ግን እንደምን ብዬ ልመንህ? ገዳም ደጃፍ ቆመህ የማልኸውን የደበቅኸኝ ሰው፣ ደመወዝህን ብትደብቀኝ ምን ይገርመኛል? ይኼ ወረቀት ማኅተም አለው። የአንተ ቃል ምን አለው?»

ዓለምነው ኮቱ ውስጥ እጁን ከትቶ የተስተካከለውን ደብዳቤ አወጣላት። አነበበችው። እስከ ግልባጩ ድረስ ቀስ ብላ አነበበችው።

«ይኸው አለልህ» አለች። «ነገ ውሰድና ለግብር ቢሮው ስጠው። እነሱ ተቀብለው መዝገባቸውን ካስተካከሉ፣ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ብቻ መብላትህን አምኜ፣ ስለ ዋስትናውም ቂሜን ትቼ፣ አብሬህ ጳጉሜን እጠመቃለሁ።»

«ቅድስትስ?»

«ቅድስትን እኔ ዋስ አልሆንኋትም» አለች። ብላውም ፊቷን መለሰች፤ ልጅቱን ትወዳት ነበርና። «እኔ የጠየቅሁህ አንድ ነገር ነበር፣ ዓለምነው። ዛሬም አንድ ነገር ነው የምጠይቅህ።»

እስከ ነሐሴ ሠላሳ ዐሥራ አምስት ቀን ያህል ቀረው። ዓለምነው እነዚያን ቀኖች እንዴት እንዳሳለፋቸው ለማንም ቢያወራ አያምኑትም። ፋብሪካው ውስጥ ኩንታል ሲመዝን ቁጥሩ ይጠፋበትና ሦስተኛ ጊዜ ይመዝናል። ወዛደሮቹ ይስቁበታል። ቤት ሲገባ ውብአለም ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ውኃ ታስታጥበዋለች፣ የሚጠየቅ ካለ ትጠይቀዋለች፤ ስለ ወረቀቱ አንድም ቃል አትተነፍስም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ንስሓ አባቱን ሊያማክር ሄዶ፣ ቄሱ እውነቱን ሲሰሙ ጢማቸውን ይዘው፣ «ልጄ፣ ቃልህን ያፈረስኸው ሚስትህ ላይ ነው፤ የምትጎዳው ግን ልጅቱ ናት። እንዴት አድርጌ አንዱን ልፍረድልህ?» አሉት። ጸሎት እንዲያደርግ ነግረው አሰናበቱት። ጸለየ። መልስ አልመጣለትም።

ነሐሴ ሠላሳ ጠዋት ግብር ቢሮው ሰልፍ ላይ ቆመ። የኮቱ ቀኝ ኪስ ውስጥ የተስተካከለው ደብዳቤ አለ። በግራው ኪስ፣ ከሚመጣው ደመወዙ እየተቆረጠ ሊከፍል ከሆቴሉ ባለቤት ተበድሮ ያመጣው ዐሥራ አምስት ሺህ ብር አለ። ብሩን የተበደረው ምናልባት ብሎ ነው። ለራሱም ቢሆን አልወሰንሁም ሲል ነበር። ከፊቱ ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ ሲወጡ፣ ተራው ባይደርስ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ የለም ቢሉ ብሎ ተመኘ። መብራቱ ግን ያን ዕለት አልጠፋም።

«መጡ ጋሼ?» አለ ዘውዱ። «ማስተካከያውን ያዙ?»

ዓለምነው ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ። የደብዳቤው ጫፍ በጣቱ ተሰማው። ውብአለም ጠረጴዛው ፊት ተቀምጣ ታየችው። ከዚያ ደግሞ ቅድስት ታየችው፤ ሽማግሌው ሲሳሳቱ አብራ እንደገና የምትጀምረው፣ በአምስተኛው ቀን ቁልፍ አስረክባ እብናት የምትሄደው፣ እናቷ ደጃፍ ላይ ስትደርስ ማን አስባረረሽ ተብላ ስትጠየቅ የሱን ስም የማትጠራው። እንደማትጠራው እርግጠኛ ነበር። ያ ነው ያሸነፈው።

«አይ» አለ። «የተጻፈው ይሁን። እከፍላለሁ።»

ዘውዱ ዓይኑን ከወረቀቱ አነሣ። «ባለፈው ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ነው ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ተሳስቼ ነው።»

ወጣቱ ጥቂት አየው። በትሕትናው ላይ ትንሽ ነገር ጎደለ፤ ግብሩን ሊደብቅ ሞክሮ ያቃተውን ሰው እንደሚያዩት ነው ያየው። ዓለምነው በዕድሜው እንዲያ ታይቶ አያውቅም ነበር። ፊርማውን አኖረ፣ ገንዘቡን ከፈለ፣ ደረሰኙን ተቀበለ።

ውብአለም ቤት ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። ቀኑን ታውቃለች። ገና በሩ ላይ ሳለ፣ «ሰጠኻቸው?» አለችው።

«ከፈልሁ።»

እጇን ዘረጋች። ደረሰኙን ሰጣት። ገንዘቡን በፊደልም በአኃዝም አነበበችው።

«ዐሥራ አምስት ሺህ ብር። ከየት አመጣኸው?»

«ከሆቴሉ ተበድሬ ነው።»

«ሆቴሉ ከገባህ ስንት ወርህ ነው?»

«ስምንት።»

«የስምንት ወር ሰው ያን ያህል ያበድራሉ?»

«አበደሩኝ። ሂጂና ጠይቂያቸው። ውብዬ፣ ለልጅቱ ስል ነው። ብሰጣቸው ኖሮ በአምስት ቀን ውስጥ ትባረር ነበር። ስለሷ ብዬ ነው የከፈልሁት፣ በማርያም።»

ውብአለም ራሷን ነቀነቀች፤ የሚነግራትን እየሰማች እንጂ እያመነችው አልነበረም። ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አባቴ የከፈለው ሌላ ሰው የበላውን ነው። ያ እንኳ የተበላ ነገር ነበር። ማንም ያልበላውን ደመወዝ ግብር፣ ያውም ከነመቀጫው፣ ያውም ተበድሮ፣ የሚከፍል ሰው ግን አይቼ አላውቅም። አንተስ አይተሃል?»

ዓለምነው ሊመልስላት አሰበ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ስንት ሹፌር፣ ስንት ወዛደር፣ ስንት ነጋዴ እንዲህ ሲምልለት ሰምቷል፤ አንዱንም አምኖ አሳልፎ አያውቅም። ወረቀትህን አምጣ ነበር የሚላቸው። ይኸው ወረቀቱን አመጣ። ፊርማው የራሱ ነው።

«አላየሁም» አለ።

ውብአለም ደረሰኙን አጥፋ መለሰችለትና እንጀራ ልታቀርብለት ተነሣች።